የክላራ ዋስ

ፈረንሳይ አገር የምትኖር፣ ያውም ከነጭራሹ ያልተፈጠረች አንዲት ሴት፣ አዳማ ላይ ሚስት ልታሳጣኝ ምንም አልቀራትም ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? አታምኑኝም። እኔም በእናንተ ቦታ ብሆን አላምንም። ግን እስቲ አረፍ በሉና ስሙኝ፤ ካልጣማችሁ መሐል ላይ ጥላችሁኝ መሄድ ትችላላችሁ። እኔም ስንቱን ደራሲ መሐል ላይ ጥዬው ሄጃለሁ፤ አንዱም ቅር አላለው።

ነገሩ የሆነው ጣሊያን ከመምጣቱ በፊት ነው። ባቡሩ አዳማን ከረገጠ ሰንበትበት ብሏል፤ ከተማዋ ግን ከተማ መሆኗን ገና አላመነችም ነበር። ጣቢያው፣ የጣቢያው ቡፌ፣ ጥቂት የቆርቆሮ ሱቆች፣ ብዙ ግራር፣ ከሁሉ የበዛ ደግሞ አቧራ። ነፋሱ የተነሣ እንደሆነ ሰው ከሰው የሚተዋወቀው በሳሉ ነበር። እኔ በዚያ ጣቢያ ቴሌግራፍ እመታ ስለነበር ሰዉ ሁሉ ስሜን ትቶ "ስልከኛው" ይለኛል። ፈረንሳይኛ የተማርኩት ድሬዳዋ፣ ከአንድ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። እዚያ የነበሩ ሽማግሌ መምህሬ ያነበብኩትን ሁሉ በደብተር ማስፈር አስለምደውኛል። ምን ሆነ? ማን ምን አለ? አንተስ ምን ትላለህ? ይህን መጨረሻውን ጥያቄ ከልክ በላይ ወደድኩትና የንባብ ማስታወሻዬ አብዛኛው ገጽ ደራሲዎችን የተሳደብኩበት ሆኖ ቀረ። ለምሳሌ አንዱ ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ "ዛሬ ስለ አንድ መጋረጃ ብዙ ገጽ አነበብኩ። መጋረጃው እስከ መጨረሻው ምንም አላደረገም።"

የምታነበው ከየት ይመጣል ትሉኝ ይሆናል። የቡፌው ባለቤት ሙሴ ያኒ የሚባል ግሪክ ነበር። ከጅቡቲ የሚመጡ ፈረንጆች አዳማ ላይ ወርደው ምሳ ሲበሉ አንብበው የጨረሱትን መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ ትተው ይሄዳሉ፤ እሱ ደግሞ ከቢራ ብርጭቆዎቹ ጎን ይደረድረዋል። ራሱ አያነብም፤ ዓይን ያደክማል ባይ ነው። አንድ ቀን ቢጫ ሽፋን ያለው ወፍራም መጽሐፍ አቀበለኝና፣

"ይኼ ወንድሞቹ ብዙ ናቸው፤ ከጀመርክ አትላቀቅም" አለኝ።

እውነቱን ነበር። ሰባት ቅጽ ነው። ግድያ አለበት፣ ሌብነት አለበት፣ ፍቅር አለበት፣ መጋረጃም አላነሰውም። አንድ ባለጠጋ ሽማግሌ ቤተ መንግሥት በሚያህል ቤቱ ውስጥ ሞቶ ይገኛል። የብር ሣጥኑም የለም። በቤቱ የነበረችው ያሳደጋት የወንድሙ ልጅ፣ ክላራ ናት። እናትም አባትም የላትም። ጋስቶን የሚባል አንድ ጎበዝ ይወዳታል። አንድ መርማሪም አለ። ለመነሻ ይኼ ይበቃችኋል።

እኔ ይህን ጣቢያው ፊት ለፊት ካለው ግራር ሥር ተቀምጬ ሳነብ፣ ሐጂ ሰይድ አጠገቤ አረፍ አሉ። ሐጂ ሰይድ ከወሎ መጥተው አዳማ ላይ በቆዳ ንግድ የከበሩ ሰው ናቸው፤ ቆዳቸውን የሚጭን ባቡር እየጠበቁ ነበር። "ምን አገኘህበትና ነው ብቻህን የምትስቀው?" አሉኝ። ነገርኳቸው። ሐጂ ነገሩን ለባላምባራስ ደቻሳ ነገሩ። ባላምባራስ የአገሩ ባላባት ናቸው፤ ባቡሩ የሚያነደውን እንጨት የሚያቀርቡትም እሳቸው ናቸው፤ ብዙ ዘመንም ዳኛ ሆነው ኖረዋል። ግድያ ያለበት ነገር ሳይጠየቁ ሲያልፍ አይወዱም። ከዚያ በኋላማ ምኑ ይወራል! ባቡር በማይመጣበት ቀን ሁሉ ከሰዓት በኋላ ግራሩ ሥር እንሰበሰብ ጀመር። እኔ አስቀድሜ አነባለሁ፣ ያነበብኩትን በማስታወሻዬ ላይ በአማርኛ እጽፋለሁ፣ ከዚያ እየገለጥኩ እነግራቸዋለሁ። እነሱ ይፈርዳሉ።

ባላምባራስ በመጀመሪያው ቀን የጠየቁኝን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

"ከብቱ ስንት ነው?"

"የማን ከብት ባላምባራስ?"

"የሟቹ ነዋ! ባለጠጋ ነው አላልክም?"

"መጽሐፉ አይናገርም።"

"ስለ መጋረጃ ይኼን ሁሉ ለፍልፎ ስለ ከብት ዝም አለ?" ብለው ወደ ሐጂ ዞሩ። "ይኼ ደራሲ የተባለው ሰው የሚደብቀው ነገር አለ።"

መርማሪው ደግሞ ጨርሶ አልጣማቸውም። መነጽሩን ይዞ መሬት ለመሬት እየዳኸ የሲጋራ አመድ ሲለቅም ስነግራቸው ባላምባራስ ተቆጡ። "አመድ ምን ይናገራል? አገሩን ሰብስቦ አውጫጭ አይቀመጥም ነበር? ያየ የሰማ እስኪናገር ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም ማለት እኮ ነው! ላሙ ሳይታለብ፣ ማሳው ሳይታረም ሲቀር ያየ ሁሉ መናገሩ መቼ ይቀራል?"

"ከብት የላቸውማ!" አሉ ሐጂ።

ጋስቶን ክላራ ፊት ተንበርክኮ ፍቅሩን የገለጸ ዕለት ግን ግራሩ ሥር ትልቅ ግርግር ሆነ። እኔ ያን ገጽ ያነበብኩት ልቤ እየቀለጠ ነበር። እነሱ ግን ተያዩ።

"ተንበረከከ?" አሉ ሐጂ። "ምን በድሎ?"

"ምንም አልበደለም፤ ስለሚወዳት ነው።"

"ልጄ፣ ሰው ካልበደለ አይንበረከክም። ድንጋይ ተሸክሞ ነበር?"

"አልተሸከመም።"

"ይቅርታውንም በቅጡ አልጠየቀማ!" አሉ ባላምባራስ። በዚያው ቀን ከተሰበሰበው ሰው ግማሹ ገዳዩ ጋስቶን ነው ብሎ ፈረደ፤ ሐጂ ግን ከመጀመሪያው ቅጽ ጀምሮ ክላራ ናት እንዳሉ ናቸው። "ቤቱ ውስጥ የነበረው ማን ነው? እሷ። የሣጥኑን ቦታ የሚያውቀው ማን ነው? እሷ። ወላሂ፣ ይኼን ለማወቅ መነጽር አያስፈልግም" ይላሉ። ባላምባራስ ደግሞ ያቺን የሙት ልጅ ማንም ክፉ እንዲናገርባቸው አይፈልጉም።

ልብ በሉ፤ ታሪኩ ፈጠራ መሆኑን ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ። ባላምባራስ ግን "ፈጠራ ከሆነ ሰባት ቅጽ ድረስ ማን ይለፋል?" ብለው አፌን አስያዙኝ።

እንግዲህ ሦስተኛው ቅጽ መጨረሻ ላይ ደረስን። ዳኛው ክላራን ፊቱ አቁሞ "ንብረት ያለው ሰው ዋስ ከሆነሽ ወህኒ አትወርጂም" ይላታል። አዳራሹ ሙሉ ነው። ቄሱ አለ፣ ሐኪሙ አለ፣ ያ ጋስቶንም አለ። አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። ቅጹ እዚያ ላይ አለቀ፤ እኔም ማስታወሻዬን ከደንኩ።

"ከዚያስ?" አሉ ባላምባራስ።

"አለቀ።"

"ዋስ ሳታገኝ?"

"ሳታገኝ።"

"ያ ሁሉ ሰው እያየ?"

ባላምባራስ ተነሡ። ነጠላቸውን አደገደጉና በዚያ ዳኛ ፊት እንደቆመ ሰው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "አባት የሌላት ልጅ በአገር ፊት ቆማ ዋስ ታጣለች? እኔ ደቻሳ ዋስ ነኝ!" አሉ።

"ለክላራ?" አሉ ሐጂ።

"ለክላራ!"

"ከጠፋችስ?"

"አትጠፋም!"

"ከጠፋችስ ነው የምልዎት። ዋስነት በአፍ አያልቅም ባላምባራስ።"

"ከጠፋች ተይዛ እስኪፈረድባት ከእርስዎ ጋር ልቆራኝ! ወንጀለኛ ሆና ከተገኘችም የፈለጉትን ይጠይቁኝ!"

ይህን የሚያጸና ዳኛ ተፈለገ። ከመሐላችን የክላራን አገር ሰው የሚመስል ሙሴ ያኒ ብቻ ነበር። "እኔ እኮ ግሪክ ነኝ" ቢልም "ከባሕሩ ማዶ ነህ አይደለም?" አሉትና ዳኛ አደረጉት። እሱም የያዘውን ብርጭቆ እየወለወለ ዋስነቱን አጸደቀ።

እኔ በዚያ ሰሞን የራሴ ጣጣ ነበረብኝ። ባላምባራስ ጫልቱ የምትባል ልጅ አለቻቸው። ለአባቷ ምሳ ይዛ ስትመጣ ከግራሩ ወዲያ ቆም ብላ ትሰማለች። መጀመሪያ ሰሞን እንዲሁ ቆም ነበር፤ በኋላ ግን ምሳው እየቀዘቀዘ ባላምባራስ ማጉረምረም ጀመሩ። እኔም እሷ ስትመጣ የጋስቶንን ድምፅ ወፈር፣ የመርማሪውን ቀጠን ማድረግ ጀመርኩ። አንድ ቀን አገልግሏን አንሥታ ስትሄድ ዘወር አለችና፣ "ስልከኛው፣ ባለፈው የክላራ ጓንት ጥቁር ነበር፤ ዛሬ ነጭ አደረግከው" አለችኝ። ማስታወሻዬን ገልጬ አየሁ። ጥቁር ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። ቆንጆ ሴት ባገሩ ሞልቷል፤ የጓንት ቀለም የምታስታውስ ግን አንድ እሷን ብቻ ነው ያየሁት።

ሽማግሌ ላክሁ። ባላምባራስ "እስቲ እናያለን" አሉ፤ ይህ ደግሞ እንቢ አይደለም። ይኼኔ ነው ከበላይ ትእዛዝ የመጣብኝ። ክረምቱ ሲወጣ ከአዋሽ በታች ወዳለ አንድ ጣቢያ ተዛውረሃል ተባልኩ። ያ ጣቢያ እንሽላሊት እንኳ ጥላ ለጥላ የሚሄድበት አገር ነው። ክረምቱ ከማለቁ በፊት የባላምባራስን እሺታ ካላገኘሁ ጫልቱን ለሌላ ትቼ፣ ደብተሬን ታቅፌ ወደ ሐሩር መውረዴ ነው።

አራተኛው ቅጽ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ባቡሩ ቆሞ፣ ፈረንጆቹ ምሳ በልተው ሲነሡ ሙሴ ያኒ መጽሐፉን ከፍ አድርጎ አሳየኝ። ሰዉ ሁሉ ነበር። ጫልቱም ነበረች። "ቤቴ ወስጄ ላንብበውና ነገ" ብል "እዚሁ ግለጠው!" አሉኝ። አስቀድሞ አንብቦ በማስታወሻ መጻፍ ምን እንደሚጠቅም የገባኝ ያን ዕለት ነው። እኔ ግን ፈረንሳይኛን እንደ ውኃ መጠጣቴን ጫልቱ ትይልኝ ብዬ ገለጥኩትና የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር እንደወረደ ተረጎምኩት።

"ክላራ ወህኒ ሊወስዷት ሳይመጡ፣ የብር ሣጥኑን በብብቷ ይዛ፣ በቤቷ መስኮት ወርዳ ጠፋች።"

አፌን በቆረጠው! ግን ወጥቷል። ሰዉ ሁሉ ቀስ ብሎ ወደ ባላምባራስ ዞረ። ባላምባራስ ጢማቸውን ነካ አደረጉና ነጠላቸውን ወደ ሐጂ ዘረጉ።

"ይቋጠር" አሉ።

"ኧረ ተዉት ባላምባራስ፣ ጨዋታ ነው" አሉ ሐጂ ደንግጠው።

"ስንቱን ሰው በቃሉ አስሬ ስኖር ጨዋታ ነበር? ዋስ ነኝ ብያለሁ፤ ጠፋችብኝ። ይቋጠር!"

እንዲህ ሆኖ በዚያን ጊዜ ከሳሽና ተከሳሽ እንደሚቆራኙት የሁለቱ ሽማግሌዎች ነጠላ ጫፍና ጫፉ ተቋጠረ። ክላራ ተይዛ እስኪፈረድባት አብረው ሊውሉ፣ አብረው ሊያድሩ ነው። አራተኛውን ቅጽ እስከ መጨረሻው አነበብኩ፤ አልተያዘችም። አምስተኛው ደግሞ ከቢራ ብርጭቆዎቹ ጎን የለም።

ያን ሰሞን አዳማን ላያት ሰው ተአምር ነበረች። ሐጂ ቆዳ ሲያስመዝኑ ባላምባራስ አፍንጫቸውን ይዘው ከጎናቸው ይቆማሉ። ባላምባራስ ወደ ማሳቸው ሲሄዱ ሐጂ እየተደናቀፉ ይከተላሉ። ዓርብ ዓርብ ሐጂ መስጊድ ገብተው ሲሰግዱ፣ ነጠላው በደጃፉ ተወጥሮ ባላምባራስ ውጭ ይጠብቃሉ፤ እሑድ ደግሞ ቅዳሴው እስኪያልቅ በተራቸው ሐጂ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ተቀምጠው ተስቢሃቸውን ይቆጥራሉ። የአንዱን ሥጋ ሌላው አይበላምና ሁለቱም ሽሮና ምስር ብቻ ሆነ ቀለባቸው። የምትቀቅለው ጫልቱ ናት። መጀመሪያ አካባቢ እንደ ወትሮው አንቱ ይባባሉ ነበር። ኋላ አንድ ቀን ባላምባራስ "አንተ ሰይድ፣ ስታንኮራፋ ቤቱ ይነቃነቃል" ሲሉ ሰማሁ። ሐጂም "አንተስ ደቻሳ፣ በእንቅልፍህ የምትፈርደው ፍርድ መቼ ያስተኛል?" አሉ። በአንድ ነጠላ የተቋጠረ ሰው አንቱ ለመባባል ጊዜ የለውም።

የእኔ ሽማግሌዎች መልሱን ሊጠይቁ ሄዱ። ባላምባራስ የተቋጠረውን ጫፍ አሳዩዋቸው። "የተቆራኘ ሰው ልጅ አይድርም" አሏቸው።

አያችሁ እንግዲህ ጉዴን? ክላራ ካልተያዘች ጫልቱ የለችም። ክረምቱ ደግሞ እየተገባደደ ነው።

ሥራ ቀዝቀዝ ባለ ቁጥር ቴሌግራፉን መምታት ጀመርኩ። ከሞጆ እስከ ድሬዳዋ ላሉት ባልደረቦቼ ሁሉ "አምስተኛውን ቅጽ ያየ አለ ወይ?" ስል ለካ ወሬው በመስመሩ ሁሉ ደርሷል። የወለንጪቲው መጽሐፉን ትቶ "ባላምባራስ ተፈቱ ወይ?" ብሎ ጠየቀኝ። የመተሐራው "ጋስቶን ነው፤ የተንበረከከው ለምን ይመስልሃል?" አለ። መጽሐፉን ግን ያየ የለም።

ጭንቅ ሲበዛ ሰው ደራሲ ይሆናል። እኔም ሆንኩ። መጽሐፉ ከጠፋ፣ አልኩ ለራሴ፣ ሰው የሚሰማው የማስታወሻዬን አማርኛ አይደለምን? ቁጭ ብዬ አምስተኛውን ቅጽ ራሴ ጻፍኩት። እንዴት ያለ ቅጽ መሰላችሁ! መጋረጃ የሚባል ነገር አልነበረበትም። ሟቹ ከብት ነበረው፤ ያውም ብዙ። ክላራ የጠፋችው እውነተኛውን ገዳይ ልታሳድድ ኖሯል፤ ይዛው መጣች። ዳኛው እግር ላይ ወድቃ፣ እንባዋ እየወረደ፣ "የተመለስኩት ዋሴን እንዳላሳፍር ብዬ ነው!" አለች። እዚህ ላይ ስደርስ እኔ ራሴ አለቀስኩ፤ የጻፍኩት እኔ መሆኔን ረስቼ።

"አምስተኛው ተገኘ!" ብዬ ሰዉን ሰበሰብኩና አነበብኩላቸው። ከብቱ ሲጠራ ባላምባራስ "ይኸው! አላልኩም?" ብለው ጉልበታቸውን መቱ። የመጨረሻው ላይ ስደርስ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

"ዋሴ አለች? እኔን?"

"አዎን ባላምባራስ።"

"እግዜር ይስጣት። የጨዋ ልጅ ናት ብዬ ነበር።"

ሐጂም ፊታቸው ፈካ፤ ቢሸነፉም ምስር ሰልችቷቸዋል። ቋጠሮውን ሊፈቱ እጃቸውን ሲዘረጉ ከግራሩ ወዲያ የጫልቱ ድምፅ መጣ።

"ይቺ ክላራ አይደለችም።"

ሰዉ ሁሉ ዞረ። ጫልቱ አገልግሏን መሬት ላይ አስቀመጠች።

"ክላራ አጎቷ ሲሞት አላለቀሰችም። ዳኛው ሌባ ሲላት አላለቀሰችም። አሁን ምን ነክቷት ነው እግር ላይ ወድቃ የምትነፈርቀው? ደግሞስ ዋሷ አባዬ ነው፤ ያለውም እዚህ አዳማ። እሷ እዚያ ፈረንሳይ ሆና ዋስ እንዳላት በምን አወቀች?"

 ባላምባራስ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

"መጽሐፉ የታለ?"

ያለኝ ማስታወሻዬ ብቻ ነው። መሬት አልተከፈተ፣ ባቡር አልመጣ፣ ምን ልሁን? ባላምባራስ በግማሽ የላላውን ቋጠሮ በገዛ እጃቸው ጠበቅ አድርገው አሰሩት። "በውሸት አልፈታም" አሉ። ከዚያ ሐጂን እየጎተቱ፣ ሐጂ ደግሞ ወደ እኔ እያዩ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱ። ሽማግሌዎቼም በዚያው ቀን ከእንግዲህ ለዚህ ጉዳይ እንዳልልካቸው ነገሩኝ።

ሰው ሁሉ የራቀኝ መሰለኝ። ግራሩ ሥር ብቻዬን ተቀምጬ በማስታወሻዬ ላይ ስለ አምስተኛው ቅጽ ደራሲ የጻፍኩትን ስድብ ላሳያችሁ አልፈልግም። ማንንም እንደዚያ ሰድቤ አላውቅም።

እንዲህ ተስፋ ቆርጬ ሳለሁ የአዋሹ ባልደረባዬ መታልኝ፦ "አምስተኛው ቅጽ ሁለተኛ ማዕረግ ተሳፍሯል። የምታነበው አንዲት ማዳም ናት። አልጨረሰችም። ነገ ለምሳ እናንተ ጋ ናት።"

በማግሥቱ ባቡሩ ሲደርስ አዳማ በሙሉ ጣቢያው ላይ ነበር። ማዳሚቱ መጽሐፉን እያነበበች ወረደች፣ እያነበበች ተራመደች፣ ሙሴ ያኒ ወንበር ባይስብላት መሬት ላይ ትቀመጥ ነበር። ሾርባ ቀረበላት፤ አልነካችውም። የቀሯት ገጾች ጥቂት ናቸው። እኛም በበሩና በመስኮቱ ታጭቀን እጇን እናያለን። አንድ ገጽ ስትገልጥ "ገለጠች!" የሚል ሹክሹክታ እስከ ውጭ ይደርሳል። በመጨረሻ ቀና ብላ ያን ሁሉ ሰው፣ ከፊት ደግሞ ሁለት የተቋጠሩ ሽማግሌዎች ስታይ ክው አለች።

ባርኔጣዬን አውልቄ ነገሩን ከመጀመሪያው አስረዳኋት። ዓይኗ እየሰፋ ሄደ። ባላምባራስን እያየች "ለክላራ? እኒህ ሰውዬ ለክላራ ዋስ ሆኑ?" አለችኝ።

"አዎን ማዳም። አሁን አንድ ነገር ብቻ ንገሪን፤ ተያዘች?"

"አልደረስኩበትም! ዝም በሉ፣ ላንብብ!" ብላ ጭራሽ ጣቷን በጆሮዋ ከተተች።

ባቡሩ ጮኸ። ሾርባው እንደቀረበ ቀረ። ማዳሚቱ እያነበበች ተሳፈረች። መንኮራኩሩ መዞር ጀመረ፤ እኛም ከመስኮቷ ሥር አብረን መራመድ፣ ከዚያም መሮጥ ጀመርን። ባቡሩ ከጣቢያው ሊወጣ ሲል መጽሐፉን ዘጋችውና እየሳቀች፣ ባላት ኃይል ወደ ባላምባራስ ወረወረችው። ባላምባራስ በስተቀኝ ሊይዙት ሮጡ፣ ሐጂ በስተግራ። ነጠላው መሐል ላይ ተወጠረና ሁለቱም እላይ በላይ ተደራርበው አቧራው ላይ ተዘረሩ። አቧራው ገለጥ ሲል መጽሐፉን ሁለቱም ይዘውታል፤ እየተሳሳቁ መነሣት አቅቷቸዋል። ነጠላው ግን አልተፈታም፤ የጠበቀ ቋጠሮ ነበር።

ግራሩ ሥር ተመለስን። ባላምባራስ ማስታወሻዬን ተቀብለው ተቀመጡበት። "ከመጽሐፉ" አሉኝ። ጫልቱም ቀርባ ጎኔ ቆመች፤ ፈረንሳይኛ አታውቅም፣ ግን ዓይኔን ትጠብቅ ነበር። ቃል በቃል አነበብኩ። ክላራ ወደብ ላይ፣ መርከብ ልትሳፈር ስትል ተያዘች። ዳኛ ፊት ቀረበች። እንባም አልወጣት፣ እግር ላይም አልወደቀች። ቀና ብላ "አዎን፤ መርዙን ሻዩ ውስጥ የጨመርኩት እኔ ነኝ" አለች። ተፈረደባትም።

"አላለቀሰችም!" አለች ጫልቱ። ድምፅዋ ውስጥ የነበረው ደስታ ለነፍሰ ገዳይ የሚገባ አልነበረም።

ሰዉ ሐጂ ምን እንደሚሉ ጠበቀ። ሐጂ ግን ደስ አላላቸውም። "ምን ሆና ነው?" አሉ ቅር ብሏቸው። "ልጅቷን እኮ አሁን አሁን ለምጃት ነበር።"

ባላምባራስ ቋጠሮውን በጥርሳቸው ፈቱና ተነሡ። "ገደለች፤ ግን አልዋሸችም" አሉ። "እኔም ተረትቻለሁ። ሰይድ፣ የፈለግከውን ጠይቅ። በቅሎዬ ያቻት።"

"በቅሎ አለኝ።"

"በሬ?"

"በሬህን ምን ላደርገው?" ሐጂ መጽሐፉን አንሥተው አቧራውን አራገፉ። "ሰባት ቅጽ ነው ተብሎ የለም እንዴ? ይኼ አምስተኛው ነው። ገዳይዋ ከታወቀች የቀሩት ሁለቱ ምን ሊያወሩ ነው? ይኼን ሳላውቅ ከምሞት ምስር ስበላ ልኑር። ይኼ ልጅ ደግሞ ወደ በረሃ ሊሄድብን ነው። የባቡሩን እንጨት የምታቀርበው አንተ ነህ፤ 'አማቼን አታንሡብኝ' ካልክ የጣቢያው ሹም እንቢ አይልህም። የምጠይቅህ ይኼን ነው፤ ልጅህን ስጠውና እዚሁ ይቅርልን።"

 ባላምባራስ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

"ይኼን ውሸታም?"

"አንተን ሊያስፈታ ብሎ እኮ ነው የዋሸው!"

"እሱስ ይሁን፤ ሲዋሽም አያምርበት!" አሉና ወደ ጫልቱ ዞሩ። በዚያ ዘመን አባት ልጁን በሰው ፊት አይጠይቅም ነበር፤ እሳቸው ግን ያን ቀን የነበረው ልማድ ሁሉ ከነጠላቸው ጋር የተፈታ መሰላቸው። "አንቺስ ምን ትያለሽ? የሚዋሽ ሰው ምን ይደረጋል?"

ጫልቱ አገልግሏን አነሣች። አየችኝ። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ተነብቤ አላውቅም።

"እሺ በል አባዬ" አለች። "እኔ እንደሆነ ሲዋሽ አውቀዋለሁ።"

"ቶሌ፤ እሺ ብያለሁ!" አሉ ባላምባራስ፤ ግራሩ ሥር የነበረው ሰው እልልታውን አቀለጠው። እኔም ከሰዉ ጋር ዘለልኩ፣ ጨፈርኩ፣ የምሆነውን አጣሁ። የተናገረችው ነገር ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ከሠርጉ በኋላ ነው። ይኸው ስንት ዘመን አብረን ኖርን፤ አንዲት ቀን እንኳ አላመለጥኳትም።